ፈቃድና መድኃኒት፤ ሲጋራን ስለ መተው

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በአንድ የሥራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን ጋራ ቡና ለመጠጣት ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር ተነሣ። ከመካከላችን አንደኛው ሲጋራ ማጤስ ከተወ ስድስት ወር እንደ ሞላው በደስታ ሲነግረን፣ ሌላው፣ «በምን ተውኸው?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም፣ «ሐኪም ባዘዘልኝ መድኃኒት» ብሎ መለሰ። ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ፣ «እንግዲያማ የተወው መድኃኒቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ ያ ባልንጀራችን ግን አልሳቀም። በፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየን።

በዚያን ዕለት እኛ አንድም ቃል ሳንናገር ተነሥተን ሄድን። ዝም ያልነው ሐሳብ አጥተን አልነበረም፤ ከዚህ በታች እንደምንገልጸው ነገሩ እኛንም በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ያልተናገርነው ቃል እንደ እሾኽ ሲወጋን ስለ ሰነበተ በዚህ መጽሔት ላይ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፤ ከክፉ ልማድ በመድኃኒት ርዳታ የወጣ ሰው፣ በፈቃዱ ብርታት ብቻ ከወጣው ሰው በክብር ያንሳልን? ይህን መጠየቅ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። «አዎን፣ ያንሳል» የሚለው መልስ በሰው ዘንድ ተቀባይነት ባገኘ መጠን ብዙ ሰው አፍሮ ርዳታ ከመፈለግ ይቀራል፤ ርዳታ ሳይፈልግ የቀረውም ከነሱሱ ይኖራል፤ ከነሱሱ የኖረውም ዕድሜው ያጥራል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዕድሜው ያጥራል ስንል ለማስፈራራት አይደለም። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉት ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1951 ስለ ማጤስ ልማዳቸው የአገራቸውን ሐኪሞች ጠይቀው መዘገቡ። ከእነዚህም መካከል 34,439 ወንዶች ሐኪሞች ለኀምሳ ዓመት ያህል በጥናቱ ሲከታተሏቸው ኖሩ። በ2004 የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ሳያቋርጡ ሲያጤሱ የኖሩት ካላጤሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። ይሁን እንጂ የዚሁ ጥናት ሁለተኛው ክፍል የተስፋ ቃል ነው። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው 3 ዓመት፣ በ50 ዓመቱ የተወ 6 ዓመት፣ በ40 ዓመቱ የተወ 9 ዓመት፣ በ30 ዓመቱ የተወ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ መልሶ ያገኛል። ስለዚህ መተው ለማንም አልመሸበትም፤ ለወጣቱ ግን ይበልጥ ማልዶለታል። እንግዲህ ክርክሩ ስለ መተው አይደለም፤ ስለ አተዋወቱ ነው።

በጥንት ዘመን ነገሥታት ሰውን ከትምባሆ ለማላቀቅ የመረጡት መንገድ ኀይል ነበር። የቱርኩ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 ትምባሆን በሞት ቅጣት ከለከለ። በአገራችንም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆ የሚያጤሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቈርጡ እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ነገር ግን ሱልጣኑም አለፈ፤ ዐፄውም አለፉ፤ ጋያውና ሱረቱ ግን አላለፈም፤ በኋላም ሲጋራው ተተካ። ከዚህ የምንማረው አንድ ትምህርት አለ። ፍርሃት የሰውን እጅ ሊያስር ይችል ይሆናል፤ መሻቱን ግን አያጠፋም። እጁ የታሰረበት ሰው ገመዱ የሚላላበትን ሰዓት ይጠብቃል።

ከኀይል ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው መንገድ የፈቃድ ብርታት ነው። ይህን መንገድ እኛ የምናውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባታችን ነው። አባታችን በጐልማሳነታቸው ወታደር ነበሩ፤ ሲጋራም ብዙ ያጤሱ ነበር። በአንድ ዓመት የቅበላ ምሽት የቀራቸውን ፓኮ ለባልንጀራቸው ሰጥተው፣ ለነፍስ አባታቸው ቃል ገብተው፣ ሁዳዴን ያዙ። ጾሙ ሲፈታ እርሳቸው ወደ ሲጋራው አልተመለሱም፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ይህንን ታሪክ በልጅነታችን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በጨረሱትም ቍጥር፣ «ሰው በቃሉ ይታሰራል፤ ቃል ያለው ሰው ሌላ ገመድ አያሻውም» ይሉን ነበር።

እኛ ግን ሲጋራን የጀመርነው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ካለችው ሱቅ በፍሬ እየገዛን ነው። ሥራ ስንይዝ በፓኮ መግዛት ጀመርን። እንዲህ ስናደርግ ዐሥራ አራት ዓመት ሞላን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለመተው አምስት ጊዜ ተነሥተናል፤ አምስቱንም ጊዜ የተነሣነው በአባታችን መንገድ ነው። አንዱን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ወደቅን፤ ሌላውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት። በአራተኛው ጊዜ ሁዳዴን በሙሉ ሃምሳ አምስቱን ቀን ዘለቅን፤ በፋሲካ ዕለት ግን ከፈሰክን በኋላ፣ ቡናው ሲቀርብ፣ «አንዲት ብቻ» ብለን ተቀበልን። በሳምንቱ ዳግማ ትንሣኤ ሲደርስ እንደ ቀድሞው በቀን አንድ ፓኮ እንጨርስ ነበር። ከመውደቁ ይልቅ የጐዳን ግን ከመውደቁ በኋላ ያሰብነው ሐሳብ ነው። «አባታችን ቃል ያላቸው ሰው ናቸው፤ እኛ ግን ቃል የለንም» ብለን በራሳችን ላይ ፈረድን። ሰው ይህን ፍርድ በራሱ ላይ አንድ ጊዜ ከፈረደ በኋላ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሙከራ ጕልበት ከየት ያመጣል?

አሁን ያንን ፍርድ እንደ ገና መርምረን ትክክል እንዳልነበረ ለማሳየት እንሞክራለን። ለዚህም አስቀድሞ ሱስ በሥጋችን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በትምባሆ ውስጥ ያለው አስገዳጅ ነገር ኒኮቲን ይባላል። ስሙ የተገኘው በ1560 ትምባሆን ከፖርቱጋል ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከላከው ዣን ኒኮ ከተባለው የፈረንሳይ አምባሳደር ነው። ኒኮቲን ከጢሱ ጋራ ወደ ሳንባ ገብቶ፣ በደም ተጭኖ፣ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ በሚሆን ጊዜ አንጐል ይደርሳል። በአንጐልም ውስጥ፣ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገጥም፣ የሚገጥምባቸው ቦታዎች አሉ። በገጠመም ጊዜ ዶፓሚን የተባለውና የደስታንና የመሻትን ስሜት የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ይፈስሳል። ሰው ለብዙ ዓመት ባጤሰ መጠን እነዚህ ቦታዎች ይበዛሉ፤ አንጐሉም ያንን ቁልፍ እንደ ዕለት እንጀራው ይጠብቃል። ቁልፉ የቀረ እንደ ሆነ ቁጣ፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የሐሳብ መበተን ይመጣል። ይህ ሥቃይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ይበረታል፤ አብዛኛውም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል። በሦስተኛው ቀን መውደቃችን እንግዲህ የቃል ማጣት ብቻ አልነበረም፤ በጦርነቱ ውስጥ ጠላት እጅግ በሚበረታበት ቀን፣ ይህንን ሳናውቅ፣ ባዶ እጃችንን መሰለፋችን ነበር።

ያለ ምንም ርዳታ ለመተው ከሚነሡት መቶ ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያጤሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ መሆናቸውን ጥናቶች ያስረዳሉ። «ታዲያ በዓለም ላይ ሲጋራ ከተዉት ሰዎች የሚበዙት ያለ መድኃኒት የተዉ አይደሉምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሚበዙት እንደዚያ የተዉ ናቸው። ሁለቱ ነገሮች ግን አይጋጩም። በእግሩ የሚጓዘው ሰው በመኪና ከሚጓዘው ስለሚበዛ፣ ከተማ ከደረሱት መካከል እግረኞቹ ይበዙ ይሆናል፤ ከዚህ የተነሣ ግን እግር ከመኪና ይፈጥናል አንልም። ከእግረኞቹም መካከል ብዙዎቹ የደረሱት ብዙ ጊዜ ከመንገድ ተመልሰው እንደ ገና ከተነሡ በኋላ ነው።

መድኃኒቶቹስ ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው ኒኮቲኑን ራሱን ያለ ጢስ የሚሰጠው ዐይነት ነው። የአሳቡ አመጣጥ ያስደንቃል። በ1967 ክላስ ሉንድግሬን የተባለ የስዊድን ሊቅ፣ ማጤስ በማይቻልበት በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በሲጋራ ፈንታ ትምባሆን በአፋቸው ይዘው መሻታቸውን ሲያስታግሡ ተመለከተ። ይህንንም ለወዳጁ ለኦቬ ፌርኖ ነገረው፤ ፌርኖም ኒኮቲን ያለበትን ማስቲካ ሠራ። ማስቲካው በ1984 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ደግሞ በ1991 ተከተለው። ሁለተኛው ዐይነት ኒኮቲን የሌለባቸው ኪኒኖች ናቸው። ቡፕሮፒዮን አስቀድሞ ለመንፈስ ጭንቀት የተሠራ ሲሆን በ1997 ለዚህ አገልግሎት ተፈቀደ፤ ቫሬኒክሊን በ2006 ተፈቀደ። ቫሬኒክሊን የአንጐሉን ቀዳዳ በከፊል ብቻ የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ መሻቱን ያበርዳል፣ ቦታውንም አስቀድሞ ስለሚይዝ ሲጋራው ቢመጣ እንኳ እንደ ቀድሞው አያስደስትም። የተገኘውም ሲቲሲን በተባለ፣ ከአንድ የዛፍ ፍሬ በሚወጣ ቅመም ላይ ከተደረገ ምርምር ነው፤ ሲቲሲን ራሱ በቡልጋሪያ አገር ከ1964 ጀምሮ ሲጋራን ለማስተው ሲሸጥ ኖሯል።

የእነዚህ መድኃኒቶች ፍሬ ምን ያህል እንደ ሆነ ከሚያሳዩት ፈተናዎች ታላቁ በ16 አገሮች 8,144 ሰዎች የተካፈሉበትና ውጤቱ በ2016 የታተመው ነው። ለተካፋዮቹ ሁሉ ምክር ተሰጥቷቸው ነበር። ከዘጠነኛው እስከ ሃያ አራተኛው ሳምንት ሳያጤሱ የዘለቁት፣ ቫሬኒክሊን ከወሰዱት ከመቶ 22 ያህሉ፣ ቡፕሮፒዮን ወይም ፕላስተር ከወሰዱት ከመቶ 16 ያህሉ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 9 ያህሉ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ቍጥሮች ላይ ጥቂት እንቈይ፤ ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች የሚናገሩት ቃል አላቸውና። መድኃኒትን ለሚንቀው ሰው፣ «መድኃኒት የመተውን ዕድል ከእጥፍ በላይ ሊያሳድግ ይችላል» ይሉታል። መድኃኒትን እንደ ተአምር ለሚቈጥረው ሰው ደግሞ፣ «ከሁሉ የበረታውን መድኃኒት ከወሰዱት ከመቶ 78 ያህሉ አልዘለቁም» ይሉታል። መድኃኒቱ ሰውየውን የሚተወው ቢሆን ኖሮ መቶው ሁሉ በተዉ ነበር። ያ ጓደኛችን፣ «የተወው መድኃኒቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» ያለው እንግዲህ በቍጥር ፊት አይቆምም። ኪኒን የሰውን እጅ ይዞ ክብሪቱን አያስጥልም።

«ኒኮቲንን በኒኮቲን ማስተው ሌባን በሌባ ማስጠበቅ አይደለምን?» የሚልም አለ። የተገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን የሚያስረውንና የሚገድለውን በመለየት ይገኛል። ሰውን በሲጋራ የሚያስረው ኒኮቲኑ ነው፤ ካንሰርን፣ የልብንና የሳንባን በሽታ የሚያመጣው ግን በዋናው ከሚነደው ቅጠል የሚወጣው ጢስ ነው። በጢሱ ውስጥ ከ7,000 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች ሲገኙ ከእነርሱ ቢያንስ 69ኙ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ፕላስተሩ ኒኮቲኑን በዝግታ በቆዳ በኩል ይሰጣል፤ መጠኑም በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ ይሄዳል። ከበቅሎ ላይ የወደቀ ሰው እግሩ እስኪጠና ድረስ በምርኵዝ ቢሄድ ምርኵዝ ሱስ ሆነበት አይባልም። ይህን ስንል መድኃኒቶቹ ጕዳት የላቸውም ማለታችን አይደለም። ፕላስተር ቆዳን ያሳክካል፤ ቫሬኒክሊን ያቅለሸልሻል፣ እንግዳ ሕልምም ያሳያል፤ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሁሉም በሐኪም ምክር የሚወሰዱ ናቸው።

እኛ በስድስተኛው ሙከራችን ይህን መንገድ ያዝን። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች የአክስታችን ልጅ ፕላስተርና ማስቲካ ይዛልን መጣች፤ ሐኪምም ጠይቀን ለዐሥር ሳምንት ተጠቀምንበት። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነበር ብንል ሐሰት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቻል ነበር። በአንድ ቅዳሜ አባታችንን ለመጠየቅ ሄደን፣ እጃችንን ለመታጠብ እጅጌያችንን በሰበሰብን ጊዜ በክንዳችን ላይ ያለውን ፕላስተር አዩ። «ክንድህን ምን ሆነህ ነው?» አሉን። እኛም፣ «ትንሽ ተጭሮ ነው፣ አባባ» ብለን መለስን። ከሲጋራ ለመውጣት በጀመርነው መንገድ ላይ፣ በሠላሳ አንድ ዓመታችን፣ እንደ ሕፃን ለአባታችን ዋሸን። ያሳፈረን ሲጋራው አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነበር። አንባቢ ይፍረድ፤ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ የሚያሳፍርበት ሐሳብ ጤነኛ ሐሳብ ነውን? አበው፣ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል፤ መድኃኒቱንም የሚሸሽግ ሰው ይኖራል ብለው ግን አላሰቡም።

ይህን ሁሉ ተናግረን የሌላውን ወገን እውነት ብንደብቅ አድልዎ ይሆንብናል። አንድ ሌላ ወዳጃችን የኒኮቲን ማስቲካ ማኘክ የጀመረው ባለቤቱ ስለ ገዛችለት ነበር። እርሱ ራሱ ለመተው አልቈረጠም። ቀን ማስቲካውን ያኝካል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋራ ያጤሳል። ሲጋራ የሚያጤስባትን ወንበር አልለወጠም፤ ከማኪያቶ ጋራ የሚለኵስበትን ሰዓት አልለወጠም፤ በኪሱ ያለውን ክብሪት እንኳ አልጣለም። ማስቲካው ሲያልቅ፣ «ሞክሬው ነበር፣ አይረባም» አለ። መድኃኒት የሥጋን ረኀብ ያስታግሣል እንጂ የእጅን ልማድ፣ የጓደኛን ግብዣ፣ የብስጭትን ሰዓት አያውቅም። እነዚህን የሚያውቀው ሰውየው ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት መድኃኒትንና ምክርን ማጣመር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመያዝ የተሻለ መሆኑን ይናገራሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2024 ለአዋቂዎች ባወጣው መመሪያ እነዚህን መድኃኒቶችና የባለሙያን ምክር አጣምሮ መክሯል።

ቀስ በቀስ ከመቀነስና በአንድ ቀን ከመቍረጥ የቱ ይሻላል የሚለውም ጥያቄ መልስ አግኝቷል። እኛ ኢትዮጵያውያን፣ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ስለምንወድ ወደ መቀነሱ እናዘነብላለን። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር በ697 አጫሾች ላይ ተደርጎ በ2016 በታተመው ጥናት፣ ሁሉም የኒኮቲን መድኃኒትና ምክር እያገኙ፣ በአራተኛው ሳምንት ሳያጤሱ የተገኙት በአንድ ቀን ከቈረጡት ከመቶ 49፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ ከመቶ 39 ነበሩ። እነሆ፣ አባታችን በቅበላ ምሽት ያደረጉት ቍርጥ ውሳኔ በዚህ ረገድ ትክክል ነበረ። መድኃኒቱ ያንን ውሳኔ የሚቃወም አይደለም፤ ውሳኔው ከተደረገ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሚደርስ ረዳት ነው።

እንግዲህ ፈቃድ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ፈቃድ ማለት ሥቃይን ያለ ረዳት መቻል ይመስለናል። ይህ ግን የፈቃድ አንዱ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም። ገበሬ እርሻውን የሚያጥረው ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ለመጠበቅ ወኔ ስለ ሌለው አይደለም፤ እንቅልፍ እንደሚወስደው ስለሚያውቅ ነው። ዐዋቂነቱ የሚታየው በቀን፣ ገና ሳይተኛ፣ የሌሊቱን ድካም አስቦ በማጠሩ ነው። እንደዚሁም የሚደክምበትን ሰዓት አስቀድሞ ዐውቆ፣ ፓኮውን ከቤቱ ያወጣ፣ ለሚስቱና ለወዳጁ የነገረ፣ ሐኪም ዘንድ የሄደ፣ መድኃኒቱን በየሰዓቱ የወሰደ ሰው ፈቃዱን ተጠቅሞበታል እንጂ በሌላ አልተካውም። ራስን አለማወቅ ብርታት አይባልም። የፋሲካ ዕለት፣ «አንዲት ብቻ» ያሰኘን የፈቃድ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ «ሃምሳ አምስት ቀን የቻልሁ እኔ አንዲት አትጥለኝም» የሚል ትዕቢት ጭምር ነበር።

በመጨረሻ ለአባታችን እውነቱን ነገርናቸው። ከተውን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ ማለዳ፣ ጸሎታቸውን አድርሰው የደም ግፊት ኪኒናቸውን በውሃ ሊውጡ ሲሉ ደረስን። ፕላስተሩ የቍስል እንዳልነበረ፣ ለምን እንደ ተለጠፈም ተናገርን። «ታዲያ ምነው ደበቅኸኝ?» አሉ። «በቃሌ መተው አቃተኝ ብለው እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው» አልናቸው። ኪኒናቸውን በመዳፋቸው ላይ ትንሽ አዩትና ዋጡት። ከዚያ በኋላ፣ «ሐኪሙ ጨው ተው ብሎኝ ሁለት ዓመት እሺ እያልሁ ስበላ ኖርሁ። ይህን የምውጠው ቃሌ ብቻውን ስላልበቃ ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ደግሞስ ያን ጊዜ ብቻዬን የተውሁት ይመስልሃል? የነፍስ አባቴ በየእሑዱ ይጠይቁኝ ነበር። እናትህ ማታ ማታ የተቈላ ሽንብራ በኪሴ ትጨምርልኝ ነበር። በዚያ ላይ አገሩ ሁሉ ጿሚ ነበር» አሉን።

ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪክ እንዲህ ነበር፤ እኛ ግን ግማሹን ብቻ ይዘን ኖረናል። የአባታችን ፈቃድ ብቻውን አልቆመም ነበር። የነፍስ አባታቸው አማካሪያቸው፣ ሽንብራው ማስቲካቸው፣ ጾሙም አጥራቸው ነበር። እኛ የእርሳቸውን ቃል ወርሰን ረዳቶቻቸውን ሳንወርስ ብንወድቅ ምን ያስደንቃል? እንግዲህ የክርክሩ ፍጻሜ ፈቃድ ይሻላል ወይስ መድኃኒት ይሻላል የሚል ሊሆን አይገባውም። ብቻውን የቆመ ፈቃድ የለም፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ መድኃኒትም የለም። ሰው ሁሉ የሚተወው በረዳት ነው፤ ልዩነቱ የረዳቱ ዐይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የፍትሕ ነገር ይቀራል። እኛ ፕላስተሩን ያገኘነው ከባሕር ማዶ ዘመድ ስላለን ነው። ዘመድ የሌለው ጥበቃ፣ ሾፌር፣ ተላላኪስ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እንደ ተናገረው ትምባሆ ከሚጠቀሙት 1.25 ቢሊዮን ሰዎች ከመቶ 60 የሚበልጡት መተው ይፈልጋሉ፤ ከመቶ 70 የሚሆኑት ግን የሚረዳ አገልግሎት አያገኙም። መድኃኒት ላጣ ሰው፣ «ያለ መድኃኒት አይሆንልህም» ማለት፣ መድኃኒት ለያዘ ሰው፣ «አንተ አልተውኸውም» ከማለት የማይሻል ክፋት ነው። ለዚህ ሰው ምክር፣ ወዳጅ፣ ጾም፣ የታቀደ ቀንና ብዙ ሙከራ አሉለት፤ በእነዚህም የተዉ ሚሊዮኖች ናቸው። ይሁን እንጂ ድኻው የሚጽናናበትን ምክንያት አገኘን ብለን መድኃኒቱን ለእርሱ ከማቅረብ ልንቦዝን አይገባም።

በአገራችን በ2016 በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ብዛታቸው ጥቂት መሆኑ ሥራውን ያቀልለዋል እንጂ ችላ አያሰኝም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጤስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥንም ከልክሏል። ይህ አጥር ነው፤ ሱልጣኑ ካቆመው ሰይፍም ይለያል፤ አጥሩ ሰውን ለመቅጣት ሳይሆን ፈቃዱን ለማገዝ የቆመ ነውና። አጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚያደርጉት ግን አዋጁን ያወጡት ብቻ ሳይሆኑ በየቢሮው ያለን እኛ ነን። የመሥሪያ ቤት ኀላፊ አመድ መቀበያውን ከጠረጴዛው ያንሣ፤ ለመተው የቈረጠውንም ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ቁጣውን ይቻለው። መምህር፣ ተማሪውን በአጥር ሥር ሲያጤስ ባገኘው ጊዜ ከመቅጣቱ በፊት፣ «መተው ትፈልጋለህን?» ብሎ ይጠይቀው። ተማሪም ከሁሉ የቀለለው መተው አለመጀመር መሆኑን ይወቅ።

ያንን በቡና ሰዓት የተሳቀበትን ባልንጀራችንን በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄደን ነበር። በዚያን ዕለት መናገር የተገባንን ዘግይተን ነገርነው፤ «የተውኸው አንተ ነህ፤ እኛም በዚሁ መንገድ ነው የተውነው» አልነው። እርሱም ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ትናንት ምነው ዝም አላችሁ?» አለን። የምንመልሰው አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ከዚያ በኋላ ነው።